የእማማ ብርቄ መርፌ

ኦገስት 18፣ ሰኞ ጠዋት

ሕመምተኛ የማመላልስበት ቫን ውስጥ ነኝ። ቶራንስ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ፓርክ አድርጌ። ሚስ ሐሩን አስገብቻታለሁ። የኩላሊት እጥበቷ እስኪያልቅ የኔ ሥራ መቀመጥ ነው። ለመቀመጥ የሚከፈላቸው ዳኛና እኔ ብቻ ነን።

ደብቱዬ፣ የኔ ደብተር፣ ገና በጠዋቱ አንድ ሰው አናድጃለሁ። ጥሩ ቀን ነው።

ያናደድኳት እትዬ አልማዝ ናት። የሐበሻው መንገድ ፌርፋክስ ላይ ያለችው ባለ ሬስቶራንቷ፣ የአዲስ ዓመት በዓል ኮሚቴዋም እሷው። ድምፄን የትልቅ ሴት አድርጌ ደወልኩላት። ከዳላስ ሙሉ አውቶቡስ ሰው ይዤ እየመጣሁ ነው፣ ሁላችንም ፍልሰታን የምንጾም ነን፣ የጾም ክትፎ አላችሁ ወይ? መጀመሪያ «እሺ እመቤት፣ እንግዲህ እንጉዳይ ካልሆነ...» እያለች ስትጨነቅ ሳቄ አመለጠኝ። «አንተ ውሪ! ሚኪ! ጾም ባይሆን እረግምህ ነበር!» ዘጋችው። ሁሌ ትሸወዳለች፣ ሁሌ ትዘጋለች። እወዳታለሁ።

ሚስ ሐሩ ዘጠና ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት። ወላጆቿ ከጃፓን፣ እሷ እዚሁ ጋርዴና አበባ እርሻ ውስጥ የተወለደች። እኔን «ትራብል» (ጣጣ) ነው የምትለኝ። ዛሬ መደገፊያ ዎከሯን ላመጣ ሳሎኗ ገባሁና ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ አየሁት። የድሮ ነው፣ በእንጨት ማኅተም የታተመ። ረጅም ቀሚስ የለበሰች ቆንጆ፣ ማራገቢያ ይዛ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። ግንባሯ ላይ ሐምራዊ ጨርቅ። ጠርዙ ላይ ጥቁር ነገር አለ። ቆሻሻ መስሎኝ አውራ ጣቴን በምራቅ አርሼ ልጠርገው ስል ጮኸችብኝ። ብትነካው ጣትህን ቆርጬ ለድመቴ ነው የምሰጠው አለች።

ለመታረቅ፣ በልጅነትሽ ቆንጆ ነበርሽ አልኳት። እኔ አይደለሁም አለች። ሴትም አይደለችም። ወንድ ነው። የካቡኪ ተዋናይ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረ። ካቡኪ ማለት ዘፈንም ጭፈራም ያለበት የጃፓኖች ትያትር ነው።

ወንድ ሆኖ ሴት የሚጫወት? እኔም ቤት አለ እኮ አንድ!

አባዬ ቀን ቀን ዌስትቼስተር የሆቴል ሻትል፣ የእንግዳ ማመላለሻ፣ ድራይቭ ያደርጋል። ዩኒፎርም፣ ባጅ፣ «ዌልካም ሰር»። በዓመት አንድ ቀን ግን፣ በአዲስ ዓመት በዓላችን መድረክ ላይ፣ እማማ ብርቄ ነው። እማማ ብርቄ (እ.ብ.) ልጇን ልትጠይቅ አሜሪካ የመጣች አሮጊት ናት። የልጇን ጂንስ ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ታየዋለች። ተቀዶ እንደተሸጠ አይገባትም። ልጄ ተቸግሯል ብላ ታለቅስና መርፌ አውጥታ ልትጥፍለት ትቀመጣለች። ክሩን መርፌው ውስጥ ልታስገባ ስትታገል እጇ ይንቀጠቀጣል፣ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። በቃ ይኸው ነው። መርፌ፣ ክር፣ እጅ። ሰዉ በየዓመቱ ያንኑ አይቶ ያንኑ ይስቃል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህማ መንቀጥቀጧ እንዴት ያለ ሆኗል! ባለፈው ዓመት ጎኔን ይዤ ነው የወጣሁት።

ሚስ ሐሩ ይሄን ስትሰማ ዞራ አየችኝ። እንግዲያው የሱን ታሪክ እነግርሃለሁ አለች።


ኦገስት 20፣ ረቡዕ

ሰውዬው ስም አለው። ልጠራው ስሞክር ሚስ ሐሩ ጆሮዋን ያዘች። ሶ፣ በግንባሩ ጨርቅ ጋሽ ሐምራዊ ብዬዋለሁ። ባጭሩ ጋ.ሐ.።

ከሱ ብዙ ዘመን ቀድሞ መንግሥት ሴት መድረክ ላይ እንዳትወጣ ከለከለ። ወንዶች ልጆች ቦታውን ያዙ። እነሱም ሰው አሳበዱ። የፊት ፀጉራቸው ይላጭ ተባለ፣ ራሰ በራ ማን ያያል ብለው። ልጆቹ ሐምራዊ ጨርቅ ጣል አደረጉበት። ጨርቁ ራሱ ፋሽን ሆኖ አረፈው። ደብቱዬ፣ እነዚህ የኔ ሰዎች ናቸው።

ጋ.ሐ. በልጅነቱ ለአንድ የትያትር ጌታ ተሰጠ። ሴት ሆኖ ተማረ። ቤቱም ውስጥ ሴት ሆኖ ነው የሚኖረው፣ ምክንያቱም ቤቱ ሴት ያልሆነ መድረክ ላይ አይሆንለትም ይላሉ። ሰው ፊት አፉን ከፍቶ አይበላም። መንገድ ሲወጣ ሴቶቹ መቀነቱን አይተው ቤታቸው ሄደው እንደሱ ያስራሉ። ያን ያህል እየተወደደ መኖሪያው ግን ለብቻው ተከልሎ ነው። ተዋናይ ከጨዋ ሰው ጋር አይቀላቀልም። ለአባዬ ስነግረው ምንም አልገረመው። ድሮ አዝማሪም እንዲሁ ነበር አለ፣ ሲዘፍን ይሸለማል፣ ልጃችሁን ስጡኝ ሲል ውሻ ይለቀቅበታል።

የወደድኩት ነገር፦ ጋ.ሐ. ልክ አንገቱን ሰበር ሲያደርግ ከኋላ የቆሙት ተመልካቾች የተዋናይ ቤተሰቡን ስም ይጮሁለታል። ትንሽ ቢፈጥኑ ነውር፣ ትንሽ ቢዘገዩ ነውር። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» እንደማለት።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ መርፌውን ልክ ስትሰካባት በሩ ላይ ሆኜ «ሐሩ!!» ብዬ ጮህኩ። ነርሷ አባረረችኝ። ሚስ ሐሩ ግን ሰዓቱ ልክ ነበር አለች።


ኦገስት 24፣ እሑድ ከሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፌርፋክስ። ጾሙ ገና መፈታቱ ነው፣ ሰዉ ሥጋ አይቶ የማያውቅ ይመስላል። እትዬ አልማዝ በር ላይ ወረፋው እስከ ጥግ። ወረፋ ሳይ አያስችለኝም። ከአንዷ ልጅ ነጠላ ተውሼ ተከናነብኩና እ.ብ.ን ሆንኩ። መርፌ የለ፣ ክር የለ፣ እጄ ብቻ። አንቀጠቀጥኩት። ከአባዬ አብልጬ። ትከሻዬን ጨመርኩ፣ አገጬን ሁሉ ጨመርኩበት። ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይስቃል። አንዱ ባለ ታክሲ፣ «ይሄ ልጅ አባቱን ዋጠው!» አለ። እትዬ አልማዝ በማማሰያ እያስፈራራችኝ እንባዋን ትጠርጋለች።

ቀና ስል አባዬ ማዶ ቆሟል። እጆቹ ኪሱ ውስጥ። እየሳቀ ነው።

መኪናው ጋ ስንደርስ ቁልፉን ሰጠኝ፣ ንዳ አለኝ። ሰሞኑን ሁሌ እኔ ነኝ የምነዳው። ፒኮ መንገድ ላይ መብራት ያዘን።

«አገጯም እንደዛ ይላል እንዴ?» አለኝ።

«የማን?»

«የእማማ ብርቄ።»

«አይ፣ እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«እ» አለ።

በቃ። እ። ቤት ደርሰናል፣ እሱ ተኝቷል። ያቺ «እ» ግን አልወጣችልኝም።


ኦገስት 25፣ ሰኞ ጠዋት

ምሳዬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። አባዬ የዩኒፎርም ሸሚዙን እየቆለፈ ነው። ማለት እየታገለ ነው። አንገቱ ጋ ካለችው አንዷ ቁልፍ ጋር። ጣቱ ይደርስባትና ይሸሻል። ይደርስባትና ይሸሻል።

መስታወቱ ውስጥ ፊቱን አየሁት። እየሳቀ አይደለም። አዳራሽ የለም፣ ሰው የለም። ታዲያ ለማን ነው የሚንቀጠቀጠው?

ግራ እጁን በቀኙ ያዘው፣ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ። እስኪረጋ ጠበቀው። እንደገና ሞከረ።

አገጩም። ደብቱዬ፣ አገጩም እንደዛ ይላል።

ኮቴዬን አጥፍቼ ወጣሁ። ምሳዬን አልያዝኩም።

በኋላ፣ ቶራንስ

ሚስ ሐሩ ትራብል ምነው ዛሬ ፀጥ አልክ አለች። ስለ ጋ.ሐ. ንገሪኝ አልኳት። ምነው ባላልኩ።

ፊታቸውን የሚቀቡት ነጭ ዱቄት መርዝ ነበረበት፣ የእርሳስ ብረት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፊቱን፣ አንገቱን፣ እጁን። ስሙ ከተማውን ሲሞላ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማራገቢያው ይርገበገባል። ሕዝቡ ምን አለ? እንዴት ያለ ጥበብ ነው አለ! የሴት ልጅ ፍርሃትን እንዴት ቢያጠና ነው! ደህና እጅ ያላቸው ወጣት ተዋንያን መስታወት ፊት ቆመው መንቀጥቀጥ ተለማመዱ።

ቫኑን ዳር አስያዝኩ። ምን ሆንክ አለች። ጎማ ልይ ነው አልኳት። ወርጄ ጎማ አየሁ። ጎማው ደህና ነው።


ኦገስት 29፣ ዓርብ

ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀልድ ይወጣል። አፌ ሌላ ነገር አልለመደም። ትናንት «አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። ጠይቅ አለ። «ራሰ በራነት በዘር ይወረሳል?» አልኩት። ስቆ ወደ ክፍሉ ገባ።

አሁን ግን ያላየሁትን ሁሉ እያየሁ ነው። ብርጭቆውን እስከ ግማሹ ብቻ ነው የሚቀዳው። ሾርባ ከቤት ጠፍቷል። እኔ ከበላሁ በኋላ ነው የሚበላው፣ ጠግቤያለሁ፣ ሥራ ቦታ ቀምሻለሁ እያለ። ቴሌቪዥን ሲያይ ግራ እጁ ላይ ይቀመጥበታል።

እማዬ ሲያትል አግብታ ከሄደች ወዲህ እዚህ ቤት ሁለት ነን። ከሁለት ሰው አንዱ ሲደብቅ ሌላው እንዴት አያይም? እኔ እኮ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አይቼ የምቀዳ ነኝ። የእትዬ አልማዝን አነጋገር፣ የቄሱን ሳል፣ የባለ ታክሲውን አረማመድ። የሱ መንቀጥቀጥ ግን የእ.ብ. መሰለኝ።

አሁን ገባኝ። አባዬ ትያትር የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው። መድረክ ላይ ሲወጣ ነው እጁን የሚለቀው።


ሴፕቴምበር 1፣ ሰኞ

ሌበር ደይ፣ የሠራተኞች በዓል። ኩላሊት በዓል አያውቅም፣ ሥራ ላይ ነን።

ጋ.ሐ. መንቀጥቀጡ ሲብስበት ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኳት። ሌላ ነገር ነገረችኝ። ካቡኪ መድረክ ላይ ጥቁር የለበሰ፣ ፊቱን በጥቁር ሻሽ የጋረደ ሰው አለ። ከተዋናዩ ጀርባ ይንበረከካል። ማራገቢያ ያቀብላል፣ ቀሚስ ያስተካክላል፣ መቀመጫ ያስጠጋል። ሰው ሁሉ ያየዋል። ሰው ሁሉ ደግሞ ላያየው ተስማምቷል። ጥቁሩን ከለበሰ የለም ማለት ነው። ማንም በጣቱ አይጠቁምም፣ ማንም አይስቅም።

ጋ.ሐ. አንድ ተማሪ ነበረው። መልከ መልካም፣ ከኋላ የቆሙት ስሙን መጮህ የጀመሩለት። ያ ልጅ ጥቁሩን ለበሰ። ከመምህሩ ጀርባ ተንበርክኮ ክርኑን ያዘለት። ማራገቢያው ከእጁ እንዳይወድቅ። በየቀኑ። የሱ ስም መጮሁ ቀረ።

ሥዕሉ ጠርዝ ላይ ያለውስ ጥቁር ነገር አልኳት፣ መልሱን እያወቅኩት። እጅጌ ነው አለች። ሠዓሊዎቹ ጥቁር ለባሾቹን አይስሏቸውም ነበር፤ የሉማ። ይሄኛው ሠዓሊ ግን አላስቻለውም። ጫፏን ብቻ።

ስሙ ማነው? የተማሪው?

አይታወቅም።

እኔ በምራቅ ልጠርገው ነበር።


ሴፕቴምበር 3፣ ረቡዕ

ተናገርኩ።

አባዬ ሶፋው ላይ ጂንሱን ዘርግቶ ነበር፣ የዘንድሮውን። ከመጠን በላይ የተቀደደ፣ ከኔ ቁም ሳጥን የተዘረፈ። «አባዬ፣ እጅህን አየሁት» አልኩት።

«የቱን?»

«ሁለቱንም።»

ቀልድ የሚመጣ መስሎኝ ፊቱን ጠበቅኩ። አልመጣም። ጂንሱን አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው።

ጥር ላይ ነው ሐኪም የነገረው። ፓርኪንሰን። መድኃኒት ይወስዳል፣ አንዳንድ ቀን ይሻለዋል። ሻትሉንም ራሱ ነው ያስረከበው፣ ማንም ሳይጠይቀው። አሁን ሎቢው ውስጥ እንግዳ ይቀበላል፣ ሻንጣ የት እንደሚቀመጥ ይጠቁማል። በጠዋት ዩኒፎርም ለብሶ ሲወጣ እኔ ሹፌር መስሎኝ።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ጮህኩ መሰለኝ። ጎረቤት ግድግዳ መታ።

«ላንተ ብነግርህ ፌርፋክስ ሁሉ ይሰማል» አለ። እሱስ እውነት ነው። «እነሱ ከሰሙ ደግሞ አይስቁም። ዓይን ዓይኔን እያዩ እግዜር ይማርህ ይሉኛል። ብርቄን በእግዜር ይማርህ ይገድሏታል።»

ባለፈው ዓመት ክሩ እምቢ አለው። ሰው ጎኑን ይዞ ሲስቅ እሱ ከልቡ እየሞከረ ነበር። አልገባለትም። መጨረሻ ላይ ጂንሱን በመርፌ ቁልፍ አያይዞ ወረደ፣ ሰው እሱም ቀልድ መስሎት አጨበጨበ። ዘንድሮ መርፌውን ራሱን መያዝ ይቸግረዋል። «መሬት ቢወድቅብኝና ጎንበስ ብዬ ማንሳት ቢያቅተኝ፣ ሳቁ መሃል ላይ ቀጥ ቢልስ?» አለኝ። እጁ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያወራኝ።

«እንግዲያው እኔ ልሥራት።»

«አንተ ታስቃለህ» አለ። «ከኔ ትበልጣለህ። ግን አንተ ትስቅባታለህ። እኔ አንድም ቀን ስቄባት አላውቅም።»

እትዬ አልማዝ በር ላይ የጨመርኩት አገጭ ትዝ አለኝ። 

ከዛ ስለ ጥቁር ለባሹ ነገርኩት። እንደ ሕፃን እየተጣደፍኩ። ከኋላህ ልቁም፣ ክርንህን ልያዝ። አባዬ ጣሪያውን አየ። ጃፓኖች ተስማምተው ነው አለ። የኛ ሰው መድረክ ላይ ድመት ብታልፍ ስሟን ይጠይቃል።

ግን እምቢ አላለም። ጂንሱን አጠፈ። «ሞክረን እንይ» አለ።


ሴፕቴምበር 7፣ እሑድ

ልምምድ፣ የበዓሉ አዳራሽ። ከባድ ውድቀት።

ጥቁር ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ጓንት፣ ፊቴ ላይ የእህል ወንፊት የመሰለ ጥቁር ጨርቅ። ገና ከመጋረጃ ብቅ ስል እትዬ አልማዝ፣ «በስመ አብ ወወልድ! በእንቁጣጣሽ ጥቁር? ማን ሞቶብህ ነው?»

የጃፓን ስታይል ነው አልኳት።

«ጃፓን ሄደህ ልበሰዋ! እኔ አደይ አበባ አዝዣለሁ፣ እሱ ከል ለብሶ ይመጣል!»

ምክንያቱን አታውቅም፣ ልንገራት አልችልም። አባዬ ተማጸናት፣ አንዴ ብቻ እንሞክረው ብሎ። ጀመርን። ጨፋሪ ልጆቹ፣ ድምፅ የሚሠራው ሰውዬ፣ ወንበር የሚደረድሩት ሁሉ እኔን ነው የሚያዩት። ብርቄ ስታለቅስ እኔን ያያሉ። መርፌ ስታወጣ እኔን። «የሞት መልአኳ ነው መሰለኝ» አለ አንዱ። ሳቁ።

እዚህ ላይ ነው ያበላሸሁት። ሳቅ ሰማሁ እኮ። በኔ የተሳቀ ሳቅ። እጄ ራሱ ሄደና በጨርቁ ላይ አፍንጫዬን አከኩ። ሳቁ ጨመረ። ከብርቄ ትከሻ በላይ ቀስ ብዬ ብቅ አልኩ። አዳራሹ ፈረሰ።

አባዬ ክሩን አስቀመጠ። ዞሮ አላየኝም። በሷ ድምፅ ሳይሆን በራሱ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «በል ውረድ» አለኝ።

አባዬ አኩርፎኛል። ለራሴ የምለው፦ ሁለት ነገር ጎድሎናል። ሰዉ ላያይ አልተስማማም። እኔም ላልታይ አልተስማማሁም።


ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

ስሚ ደብቱ። ስሚ ስሚ ስሚ።

ሮቤል የሚባል ጓደኛዬ ቫሌት ነው የሚሠራው፣ እትዬ አልማዝ ሬስቶራንት አጠገብ፣ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል። ዛሬ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ተካሁት። ብርቱካንማ የሥራ ሰደርያውን፣ ቬስቱን፣ ሰጠኝ። ለበስኩ፣ ቆምኩ።

ሰው ይመጣል። ከመኪና ይወርዳል። ስልኩን እያወራ ቁልፉን ወደ ጎን ይዘረጋል። እጁ ያውቃል፣ ዓይኑ አያይም። ቁልፉ አየር ላይ ይቆያል፣ እኔ እቀበላለሁ፣ ሰውዬው ሄዷል። ያ «አባቱን ዋጠው» ያለኝ ባለ ታክሲ ቁልፍ ሰጠኝ። አላየኝም። ቄሱ ሰጡኝ። አላዩኝም። ባልና ሚስት ፊቴ ቆመው ስለ አማታቸው ሲጣሉ ቆዩ፣ እኔ መሃላቸው ቆሜ።

ከዛ እትዬ አልማዝ ከገበያ መጣች። እትዬ አልማዝ! የዳላስ ሴትዮ ሆኜ ስደውል እንኳ በሳቄ ብቻ የምታውቀኝ! ቁልፉን ወደ ጎን ዘረጋችልኝ። «ጥላ ቦታ ፈልግላት እሺ የኔ ልጅ፣ ቅቤ ይዣለሁ» አለችና ገባች።

እኔ ነኝ። ሚኪ ነኝ። ይሄ መንገድ ላይ ውሻው ሁሉ የሚያውቀኝ። ቬስቱ ዋጠኝ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ሮቤልን አሰብኩትና ሳቁ ትንሽ ቆመብኝ። ስንት ዓመት ነው ይሄ ልጅ እዚህ የቆመው? እኔ ራሴ ስንቴ ሳላየው አልፌዋለሁ?

ከዛ አባዬን አሰብኩ።

ጃፓኖች ብቻ አይደሉም የተስማሙት። እኛም ተስማምተናል። የኛው ጥቁር ብርቱካንማ ነው እንጂ።


ሴፕቴምበር 12፣ ዓርብ

ትናንት እንቁጣጣሽ ነበር፤ ስንለማመድ ዋልን። የአዳራሹ በዓል እሑድ ነው። ልምምዱ ወጥ ቤታችን ውስጥ፣ አባዬ ወንበር ላይ፣ እኔ ከኋላው ከሮቤል በተዋስኩት ቬስት። ቬስቱን ሲያይ በአፍንጫው ሳቀ። ማኩረፉ ቀረ።

ክርኑን ያዝኩት። ደብቱዬ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ መኪና ታውቂያለሽ? ቆሟል፣ ውስጡ ግን ይሄዳል። እንደዛ ነው። መጀመሪያ አጥብቄ ያዝኩትና እጁ ቀጥ አለ። ክሩ ወዲያው ገባ። አባዬ ተናደደ። «ይሄ ምኑ ያስቃል? ልብስ ሰፊ አደረግከኝ እኮ!» መንቀጥቀጧ የብርቄ ነው አለ፣ እንዳትወስድባት።

ዛሬ ለሚስ ሐሩ ነገርኳት። አዎ አለች። ያም ተማሪ መንቀጥቀጡን አላስቆመም። እንዳይወድቅ ብቻ ያዘው። ልዩነቱን ለመማር ብዙ ጊዜ ፈጀበት ይላሉ። ጋ.ሐ.ስ መጨረሻው ምን ሆነ አልኳት። መጨረሻው መጫወት ነው አለች፣ እስከቻለ ድረስ ተጫወተ፣ ሌላ ምን ይሁን?

ማታ እንደገና። በሁለት ጣት ብቻ። ክርኑ ሲሄድ አብሬው እሄዳለሁ፣ ሊያመልጥ ሲል ብቻ እገኛለሁ። መርፌው ይሸሻል፣ ይመጣል፣ ይሸሻል። አባዬ በብርቄ ድምፅ መርፌዋን መሳደብ ጀመረ። «አንቺ ዓይነ ጠባብ! አንድ ክር የማታስገቢ፣ ማን ቤት ነው ያደግሽው?» አዲስ ነው፣ ሰምቼው አላውቅም። ሳቄ ሊፈነዳ ሆነ። ከንፈሬን ነከስኩ። አልሳቅኩም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው።

እትዬ አልማዝ ጋ ደውዬ፣ በራሴ ድምፅ፣ ጥቁሩን ትቼዋለሁ፣ የቫሌት ቬስት ነው የምለብሰው አልኳት። «ቬስት? ኦኬ» ብላ ወደ አበባዋ ተመለሰች። አየሽ? በስልክም ይሠራል።


ሴፕቴምበር 14፣ እሑድ፣ መጋረጃ ጀርባ

ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።  ፈርቻለሁ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሚስ ሐሩን ከጋርዴና አምጥቻታለሁ፣ ከኋላ በር አጠገብ ተቀምጣለች፣ ሰው ሁሉ ዳቦ እያጎረሳት። ሐኪሟ እንዳያይ። ቫን ውስጥ ስሟን አስጠንቻታለሁ፦ ብርቄ። መቼ እንደምትጮህ ግን አልነገርኳትም፣ እሷ ታውቃለች።

አባዬ ለብሷል። ሻሽ፣ መቀነት፣ ወገብ ጎበጥ። የደረቱን ቁልፍ እኔ ቆለፍኩለት። እምቢ አላለም፣ ጣሪያ ጣሪያውን አየ እንጂ። ዛሬ ከሌላው ቀን ይብሳል፣ ሁለቱም እጅ። አዳራሹ ሲንጫጫ ይሰማዋል። «ባይስቁስ?» አለኝ። ቀልድ በአፌ መጣ። ዋጥኩት። «እኔ ይዤሃለሁ» አልኩት።

ቀጥሎ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ካወቁበት ያውቁበት። ውሳኔዬ ግን ይሄ ነው፣ እዚህ ይጻፍልኝ፦ አፍንጫዬን አላክም። ብቅ አልልም። ቢስቁም ሳቁ የኔ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዛ በሚቀጥለውም፣ እሱ በቃኝ እስኪል። እ.ብ.ን ደግሜ መንገድ ላይ አልጫወትም፣ ባለቤት አላት።

ጨፋሪዎቹ ወረዱ። እትዬ አልማዝ ማይኩን ይዛ እማማ ብርቄ ከአገር ቤት ገቡ እያለች ነው። አሁን ስትገባ ጎኔን ገፍታኝ አለፈች፣ አላየችኝም። ቬስቱ ይሠራል።

አባዬ መጋረጃው ጋ ቆሟል። ዞር አላለም። ክርኑን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጋ፣ ሳያየኝ፣ ቁልፍ እንደሚያቀብል ሰው።

ሄድኩ